የተሰራጩ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ቅርጻዊ ቋንቋዎች፦ ታሪካቸውና የአማርኛ ስያሜያቸው ጥያቄ

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን አንድ ቃል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ኮምፒዩተር ሥርዓቶች የሚያትት አንድ የትርጉም ረቂቅ ለእርማት ቀርቦልን ነበር። በረቂቁ ውስጥ «ለቀረበ ጥያቄ ሁሉ በመጨረሻ መልስ ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኝ ነበር። ሰዋስዋዊ ጉድለት ስላልታየበት አሳለፍነው። ኋላ አንድ የሙያው ባለቤት እንዳስረዳን ግን ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት ነበር። ዋናው ጽሑፍ የሚናገረው ሥራው ስለማያልቅ ሥርዓት ነው፤ ቀንና ሌሊት መልእክት ሲቀበልና ሲያስተላልፍ ስለሚኖር፣ ፍጻሜ ስለሌለው። ፍጻሜ ለሌለው ነገር «በመጨረሻ» ማለት ትርጉም የለውም። ሊባል የተፈለገው፣ ጥያቄው ከቀረበ በኋላ ጊዜው ይራዘምም ይጠርም፣ መልሱ የሚሰጥበት ሰዓት መድረሱ የማይቀር መሆኑ ነው። አማርኛችን ለዚህ «ውሎ አድሮ» የሚል ያማረ አነጋገር አለው፤ ተርጓሚው አላሰበውም፣ እኛም አራሚዎቹ አላሰብነውም።

ይህ አጋጣሚ ነገሩን ከሥሩ እንድንመረምር ግድ አለን። በምርመራችንም ያልጠበቅነውን አገኘን። የኮምፒዩተር ሊቃውንት፣ በተለያየ ስፍራ ተቀምጠው በመልእክት የሚገናኙ መሣሪያዎችን ሥራ በትክክል ለመጻፍና የተጻፈውም እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ሲሉ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የፈጠሯቸው ቋንቋዎች በአብዛኛው የቆሙት፣ እኛ የሰዋስው ሰዎች ስንመረምራቸው በኖርናቸው ጥቃቅን ቃላት ላይ ነው፤ በ«በፊት»፣ በ«እስኪ»፣ በ«ሁልጊዜ»፣ በ«ወይም»፣ በ«ማን» ላይ ነው። ስለሆነም ታሪካቸውን ሳያውቁ ለስያሜያቸው አቻ ቃል መምረጥ በጨለማ መርፌ እንደ መፈለግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ በርእሳችን ላይ ስላሉት ሁለት ቃላት ጥቂት እንበል። «ቅርጻዊ ቋንቋ» ያልነውን ብዙዎች «መደበኛ ቋንቋ» ሲሉት እንሰማለን። መደበኛ ትምህርት፣ መደበኛ ስብሰባ እያልን ስለምንጠቀምበት ቃሉ ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የቋንቋ ሰው «መደበኛ ቋንቋ» ሲባል የሚረዳው ከቀበልኛዎች መካከል ለጽሕፈትና ለትምህርት የተመረጠውን ነው። ከዚህም በላይ ኖም ቾምስኪ ከ1956 ጀምሮ ሰዋስዎችን በየደረጃቸው ሲከፍል በዝቅተኛው ደረጃ ያስቀመጠው የቋንቋ ዓይነት ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ በተለምዶ «መደበኛ» ይሆናል። አንድ ቃል ሦስት ሸክም ሊሸከም አይችልም። እዚህ ላይ የተፈለገው የምልክቶቹ ቅርጽ ብቻ ታይቶ፣ የአንባቢ አስተያየት ሳይጨመርበት፣ ፍቹ የሚታወቅ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ «ቅርጻዊ» የሚለውን መርጠናል።

«የተሰራጨ» የሚለው ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። የሬዲዮ ስርጭት የምንለው አንዱ ተናግሮ ሁሉም የሚሰማውን ነው። በተሰራጩ ሥርዓቶች ጥናት ውስጥ ግን አንዱ መሣሪያ ለሁሉም የሚልከው መልእክት ራሱን የቻለ ስም ያለው ሌላ ነገር ነው። «የተከፋፈለ» እንዳንል፣ የመገናኛው መሥመር ተበጥሶ መሣሪያዎቹ በቡድን በቡድን ሲለያዩ ያ አደጋ በትክክል «መከፋፈል» ነው። «የተበተነ» ብንል የፈረሰ ይመስላል። እኛ «የተሰራጨ ሥርዓት» የሚለውን ይዘን፣ ለሁሉም የሚላከውን መልእክት «አዋጅ» ብንለው ይሻላል ብለናል። አዋጅ ነጋሪ አንድ ነው፣ ሰሚው ብዙ ነው፤ ነገሩም ይኸው ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ብቻውን የሚሠራ ፕሮግራም ሥራው እንደ ትረካ ነው፤ አንዱ ድርጊት ካለፈ በኋላ ሌላው ይከተላል። ሁለት ሂደቶች ጎን ለጎን ሲሠሩ ግን የአንዱ ድርጊቶች በሌላው ድርጊቶች መካከል በየትኛውም ቦታ ሊገቡ ይችላሉ። እያንዳንዳቸው 10 ድርጊት ያላቸው ሁለት ሂደቶች በ184,756 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊፈጸሙ ይችላሉ። ሂደቶቹ ሦስት ሲሆኑ ቁጥሩ ከ5 ትሪሊዮን በላይ ይሆናል። ሺህ ጊዜ ሞክረው ደኅና ሠርቶ ያዩት ሥርዓት በሺህ አንደኛው ጊዜ የሚሰናከለው በዚህ ምክንያት ነው። ሙከራ አያዳርሰውምና ጽሑፉን ራሱን መርምሮ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ለመመርመር ደግሞ አሻሚ ያልሆነ ቋንቋ የግድ ነው።

ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1965 ሂደቶች አንድን ዕቃ በተራ እንዲጠቀሙ የሚያደርግ ስልት አሳተመ። በዚያው ዘመን ለተማሪዎቹ ባቀረበው የፈተና ጥያቄ፣ ሁለት ሁለት መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው አምስት ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ሁሉም ቆመው የሚቀሩበትን ሁኔታ ገለጸ። ታሪኩ ኋላ በማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው አምስት ሹካ በሚጋሩ አምስት ፈላስፎች ተመስሎ በመላው ዓለም ታወቀ። አንድ ባልደረባችን ሹካው ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ስለሆነ በመሶብ ይተካ ብሎ ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ዳሩ ግን በመሶብ ዙሪያ ሁሉም በገዛ እጁ ስለሚቆርስ የሚጠብቀው ነገር የለም፤ መሶቡ ሲገባ ችግሩ ይወጣል። ለዚህ ሁኔታ ስም በማውጣት ረገድ ግን አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ የታደለ ነው። «ቆለፈ» ከሚለው ግሥ «ተቆላለፈ» የሚለውን ስናወጣ እርስ በርስ መሆኑን ቅርጹ ራሱ ይናገራል። «መቆላለፍ» ማለት በቂ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ጀርመናዊው ካርል አዳም ፔትሪ በበኩሉ በ1962 በቦን በታተመው የዶክትሬት ጽሑፉ ከዚህ የተለየ መንገድ ከፈተ። ከእርሱ ሥራ የመነጨው ቋንቋ የሚጻፈው በፊደል ሳይሆን በሥዕል ነው፤ ክቦች ስፍራዎች ናቸው፣ ሣጥኖች ድርጊቶች ናቸው፣ በክቦቹ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ደግሞ የሥርዓቱን ሁኔታ ያመለክታሉ። የፔትሪ ዋና አሳብ፣ ለመላው ሥርዓት አንድ የጋራ ሰዓት አለ ብሎ መነሣት አይገባም የሚል ነበር።

ይህንኑ የሰዓት ነገር አሜሪካዊው ሌስሊ ላምፖርት በ1978 በአንዲት አጭር ጽሑፍ ቁልጭ አድርጎ አቀረበው። ተራርቀው የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ሰዓታቸው እኩል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «ይህ ኩነት ከዚያ በፊት ሆነ» ለማለት ምን ማስረጃ አለን? የላምፖርት መልስ እንዲህ ነው፤ ሁለቱ ኩነቶች በአንድ ሂደት ውስጥ በተራ ከተፈጸሙ፣ ወይም አንዱ መልእክት መላክ ሌላው ያንኑ መልእክት መቀበል ከሆነ፣ ወይም በእነዚህ ሰንሰለት ከተያያዙ፣ አንደኛው ከሌላው በፊት ነው። ከዚህ ውጭ የሆኑት ኩነቶች «በፊት»ም «በኋላ»ም የላቸውም፤ ጎን ለጎን ናቸው። የኢትዮጵያን ሰዓት ከውጭ አገር ሰዓት ጋር እያስታረቀ የኖረ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ 3 ሰዓት ሲል ሌላው 9 ይላል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት መላኩን ሁለቱም አይክዱም።

ላምፖርት «በፊት»ን ከሰዓት አላቅቆ ከመልእክት ጋር ባስተሳሰረበት በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር መልእክትን ራሱን የቋንቋ መሠረት ያደረገውን ሲ ኤስ ፒ የሚባለውን ሥራውን አሳተመ። በዚህ ቋንቋ ሂደቶች የጋራ መዝገብ የላቸውም፤ የሚገናኙት በመናገርና በመስማት ብቻ ነው። የሚናገረው ወገን በቃለ አጋኖ፣ የሚሰማው ወገን በጥያቄ ምልክት ይጻፋል። በኤዲንብራ ያስተምር የነበረው ሮቢን ሚልነር ደግሞ ሲ ሲ ኤስ የተባለውን ቋንቋ በ1980 በመጽሐፍ አወጣ። ሆርም በ1985 ሥራውን አስፋፍቶ መጽሐፍ አደረገው። በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ውስጥ የቋንቋ ሊቃውንትን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ነጥብ ስላለ በእርሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

እኛ ከቾምስኪ የተማርነው፣ ቋንቋ ማለት የዓረፍተ ነገሮች ስብስብ ነው፤ ሁለት ሰዋስዎች አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገሮችን ካስገኙ ቋንቋቸው አንድ ነው የሚል ነው። ሳንቲም ተቀብለው ሻይና ቡና የሚሸጡ ሁለት መሣሪያዎችን እናስብ። አንደኛው ሳንቲሙን ተቀብሎ ሻይም ቡናም አዘጋጅቶ ገዢውን ያስመርጣል። ሁለተኛው ሳንቲሙ በገባ ጊዜ ራሱ በስውር ይወስናል፤ አንዳንዴ የሻዩን ቁልፍ ብቻ፣ አንዳንዴ የቡናውን ቁልፍ ብቻ ይከፍታል። የሁለቱን መሣሪያዎች «ዓረፍተ ነገሮች» ብንመዘግብ ልዩነት የለም፤ «ሳንቲም፣ ሻይ» እና «ሳንቲም፣ ቡና» ብቻ ናቸው። ነገር ግን ቡና ፈልጎ ሳንቲሙን የከተተ ሰው በሁለተኛው መሣሪያ ፊት ቆሞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለሚነጋገሩ ነገሮች የዓረፍተ ነገሮች ስብስብ በቂ መግለጫ አይሆንም፤ ምርጫው መቼ ተደረገ፣ ማን አደረገው የሚለውም የፍቹ አካል ነው። ሆርና ሚልነር ለዚህ የየራሳቸውን መፍትሔ ሰጡ፤ ዴቪድ ፓርክም በ1981 ሁለት ሂደቶች እርምጃ በእርምጃ አንዱ ሌላውን እየመሰለ መሄድ ይችል እንደሆነ የሚፈተንበትን ዘዴ ጨመረ። «ወይም» የሚለው መስተጻምር፣ መራጩ ማን እንደሆነ ካልተነገረ፣ ግማሽ ፍች ብቻ ያለው መሆኑን እኛ ከሰዋስው መጻሕፍታችን አልተማርነውም ነበር።

ሌላው ነጥብ አብሮነት ነው። በነሚልነር ስሌት «ሀ ከለ ጎን ለጎን ተፈጸመ» ማለት «ሀ ሆኖ ለ ሆነ፣ ወይም ለ ሆኖ ሀ ሆነ» ከማለት አይለይም። የፔትሪ ተከታዮች ይህን አልተቀበሉትም፤ ክርክሩም ለብዙ ዓመታት ቆየ። አማርኛ ተናጋሪ ቢጠየቅ ከፔትሪ ጋር የሚቆም ይመስለናል። «እየዘፈነ ሠራ» የሚለው «ዘፍኖ ሠራ ወይም ሠርቶ ዘፈነ» ከሚለው ጋር አንድ ነው የሚል አናገኝም። እርግጥ ነው፣ ቦዝ አንቀጻችንም ቢሆን ሁልጊዜ ቅደም ተከተልን ብቻ አያሳይም። «በልቶ ሄደ» ስንል መብላቱ ቀድሞ ነው፤ «ቆሞ ጠበቀ» ስንል ግን መቆሙና መጠበቁ አብረው ናቸው። አድማጭ ከነገሩ ባሕርይ ስለሚረዳው በዕለት ንግግር ችግር አይፈጥርም። ኮምፒዩተር ግን የነገሩን ባሕርይ አያውቅም። ስለዚህ የሥርዓት መግለጫ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በቦዝ አንቀጽ ላይ ተደግፎ ቅደም ተከተልን እንዳያስተላልፍ፣ «ከዚያ በኋላ» የሚለውን ጭምር እንዲጽፍ አጥብቀን እንመክራለን።

አሁን ወደ መነሻችን፣ ወደ «ውሎ አድሮ» ደርሰናል። የዚህ ቃል ወደ ኮምፒዩተር ሳይንስ መግባት የሰዋስው ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኒው ዚላንዱ ፈላስፋ አርተር ፕራየር በ1950ዎቹ የግሥን ጊዜያት፣ ኀላፊንና ትንቢትን፣ በሎጂክ ምልክት ለመጻፍ ተነሣ፤ በ1957 ያሳተመው መጽሐፉ የዚህ ጥናት መሠረት ሆነ። ሆላንዳዊው ሃንስ ካምፕ፣ እኛ በቋንቋ ፍች ጥናት የምናውቀው፣ በ1968 በካሊፎርኒያ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ «ከ... ጀምሮ» እና «እስከ... ድረስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ጨምሮ ኀይላቸውን አሳየ። እስከዚህ ድረስ የጥናቱ ዋና ዓላማ ኮምፒዩተር አልነበረም። በ1977 እስራኤላዊው አሚር ፕኑኤሊ ይህንኑ የጊዜ ሎጂክ አንሥቶ፣ የማያቆሙ ፕሮግራሞችን ለመግለጽ የሚያስፈልገው ቋንቋ ይኸው ነው አለ። ለዚህም በ1996 የቱሪንግ ሽልማት ተሰጠው።

በፕኑኤሊ ቋንቋ ዋና ዋናዎቹ ቃላት «ሁልጊዜ»፣ «ውሎ አድሮ»፣ «በሚቀጥለው ቅጽበት» እና «እስኪ» ናቸው። «እስኪ» ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። «እስክመጣ ድረስ ጠብቀኝ» ያለ ሰው መምጣቱን አረጋግጧልን? በአማርኛ አላረጋገጠም፤ ሳይመጣ ቢቀር ጠባቂው ሲጠብቅ ይኖራል፣ ቃሉንም አላፈረሰም። ይህ ሊቃውንቱ ደካማ የሚሉት ዓይነት ነው። ጠንካራው ዓይነት ግን መምጣቱም ግዴታ ነው ይላል። በቅርጻዊው ቋንቋ ብዙ ጊዜ በተለምዶ የሚወሰደው ጠንካራው ስለሆነ፣ ተርጓሚው «እስኪ» ብሎ ብቻ ቢተወው የመግለጫው ግማሽ ጠፋ ማለት ነው። «እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል፤ መምጣቱም አይቀርም» ብሎ መጻፍ ይኖርበታል።

«አይቀርም» ስንል ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ላምፖርት በ1980 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ርእሱ ራሱ «አንዳንድ ጊዜ» በሚለውና «ፈጽሞ አይሆንም ማለት አይደለም» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት የሚያነሣ ነው፣ የሚከተለውን አስረዳ። ጊዜ እንደ አንድ መሥመር ከታየ ሁለቱ አባባሎች አንድ ናቸው። ጊዜ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከታየ፣ ማለትም ከአሁን ተነሥተው ብዙ የወደፊት መንገዶች እንዳሉ ከተቈጠረ፣ አንድ አይደሉም፤ አንደኛው በመንገዶቹ ሁሉ ላይ ኩነቱ ይገኛል ሲል፣ ሌላው ቢያንስ በአንዱ መንገድ ላይ ሊገኝ ይችላል ይላል። ሎጂክ ዐዋቂዎቹ ይህን ለመለየት ተጨማሪ ምልክቶችን ፈጠሩ። አማርኛ ሁለቱንም ይለያል፤ «መምጣቱ አይቀርም» ሲል የግድ መሆኑን፣ «ሊመጣ ይችላል» ሲል ዕድል መኖሩን ይናገራል። ነገር ግን በመካከላቸው «ሳይመጣ አይቀርም» የሚል ሦስተኛ አለ፤ ይህም ግምት ብቻ ነው። «መምጣቱ አይቀርም» እና «ሳይመጣ አይቀርም» የሚለያዩት በአንድ የግሥ ቅርጽ ነው፤ የመጀመሪያው የሥርዓቱን ግዴታ ሲገልጽ ሁለተኛው የተናጋሪውን ጥርጣሬ ይገልጻል። በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ውስጥ ሁለተኛውን ማስገባት መግለጫውን መሻር ነው። በራሳችን እርማት ውስጥ አንድ ስፍራ ላይ ይህን ስሕተት አግኝተናል።

ላምፖርት በ1977 የሥርዓቶችን ባሕርያት በሁለት ከፍሎ ነበር፤ መጥፎ ነገር ፈጽሞ አይደርስም የሚለው አንዱ፣ በጎ ነገር ውሎ አድሮ ይደርሳል የሚለው ሌላው ነው። ሁለተኛውን «ሕያውነት» ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው በብዙ ጽሑፎች «ደኅንነት» ተብሎ ይተረጐማል። ሆኖም «የመረጃ ደኅንነት» እየተባለ ከሌባና ከሰላይ መጠበቅ የሚገለጸውም በዚሁ ቃል ስለሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ገጽ ሲገናኙ አንባቢ ይደናገራል። እኛ ለመጀመሪያው «አደጋ አልባነት» የሚለውን ለጊዜው ይዘናል፤ ቃሉ ረዘም ማለቱን አልሳትንም።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙበት ታላቅ ምሳሌ በ1978 የሮጀር ኒድሃምና የማይክል ሽሮደር ሥነ ሥርዓት ነው፤ በመረብ ላይ የሚገናኙ ሁለት ወገኖች አንዱ የሌላውን ማንነት የሚያረጋግጥበት የመልእክት ልውውጥ ነው። ዋናው ልውውጥ ሦስት መልእክት ብቻ ነው። ሀ ስሙንና አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ለለ ብቻ በሚከፈት ምስጢር ቆልፎ ይልካል። ለ የሀን ቁጥርና የራሱን ቁጥር ለሀ ብቻ በሚከፈት ምስጢር ቆልፎ ይመልሳል። ሀ የለን ቁጥር መልሶ ይልክለታል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንም አንብቦ ይረዳዋል። ለ17 ዓመታት ትክክል ነው ተብሎ ተይዞ ኖረ።

በ1995 እንግሊዛዊው ጌቪን ሎው ጉድለቱን አሳየ። ሀ አታላይ ከሆነው ከመ ጋር ልውውጥ ይጀምር። መ የተላከለትን ከፍቶ፣ ለለ በሚሆን ምስጢር እንደ ገና ቆልፎ፣ «ከሀ የተላከ ነው» ብሎ ለለ ያደርሳል። ለ ለሀ የቆለፈውን መልስ ይሰጣል። መ ሊከፍተው ስለማይችል እንዳለ ለሀ ያስተላልፈዋል። ሀ የመ መልስ መስሎት ይከፍትና የለን ምስጢር ቁጥር ለመ ይልክለታል። በዚህ ጊዜ ለ ከሀ ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል፤ የሚነጋገረው ግን ከመ ጋር ነው። ሎው በ1996 ይህንኑ ሥነ ሥርዓት በሆር ቋንቋ፣ በሲ ኤስ ፒ፣ ጽፎ ኤፍ ዲ አር በተባለ መርማሪ ፕሮግራም ሲያስፈትሸው መሣሪያው ራሱ የማታለያውን መንገድ አወጣው።

መፍትሔው ምን ነበር? በሁለተኛው መልእክት ውስጥ የላኪውን፣ የለን፣ ስም መጨመር ብቻ ነው። መልእክቱ ባለቤት ጐድሎት ነበር ማለት ነው። በአማርኛ «ሰጠሁህ» ስንል ግሡ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ይይዛል፤ ስለዚህ የተሟላ ይመስለናል። ነገር ግን «ሁ» እና «ህ» ጠቋሚዎች ናቸው፤ ማንን እንደሚጠቁሙ የሚታወቀው ተናጋሪና ሰሚ ፊት ለፊት ሲሆኑ ነው። ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ጠቋሚው ያገኘውን ይጠቁማል። ቀደምት የአማርኛ ደብዳቤ ጸሐፊዎች ከሁሉ አስቀድመው መልእክቱ ከማን ተልኮ ለማን እንደሚደርስ በስም መጻፋቸው ለክብር ብቻ አልነበረም ብለን እንጠረጥራለን።

ፍተሻውን ለኮምፒዩተር ራሱ የመስጠት አሳብ የተጀመረው በ1981 ነው። ኤድመንድ ክላርክና አለን ኤመርሰን በአሜሪካ፣ ጆሴፍ ሲፋኪስ ከባልደረባው ጋር በፈረንሳይ፣ ሳይገናኙ ደረሱበት፤ ሦስቱ በ2007 የቱሪንግ ሽልማት ተካፈሉ። በቤል ላቦራቶሪ ጄራርድ ሆልዝማን ያዘጋጀው ስፒን የተባለ መርማሪና ፕሮሜላ የተባለው መጻፊያ ቋንቋው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሰፊው አገልግለዋል። በዚያው መሥመር ለመገናኛ ሥነ ሥርዓቶች የወጡት ሎቶስና ኤስቴል የሚባሉ ቋንቋዎች በ1989 ዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ሆኖም እንደታሰበው አልተስፋፉም። እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንጨምር፤ «ፍተሻ» የሁኔታዎችን ሁሉ ማሰስ ነው፣ «ሙከራ» ጥቂቶቹን መቅመስ ነው፣ «ማረጋገጫ» በምክንያት ማስረዳት ነው። ሦስቱን «ማረጋገጥ» በሚል አንድ ቃል የሚጠቀልሉ ተርጓሚዎች ይብቃቸው።

ላምፖርት በበኩሉ በ1990ዎቹ ቲ ኤል ኤ የተባለውን የድርጊት ጊዜ ሎጂክ፣ ከዚያም በእርሱ ላይ የተመሠረተውን ቲ ኤል ኤ ፕላስ የተባለ ቋንቋ አዘጋጀ፤ ስለ ቋንቋው የጻፈው መጽሐፍ በ2002 ወጣ። በስም አወጣጥ ረገድ የላምፖርት ታሪክ ለኛ ትምህርት አለው። ከዳተኛ ተሳታፊዎች ባሉበት ስምምነት እንዴት እንደሚደረስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1982 ሲጽፍ ከዳተኞቹን ጄኔራሎች አስቀድሞ አልባንያውያን ሊላቸው አስቦ ነበር፤ የሚቀየም እንዳይኖር ሲባል ቢዛንታይኖች ተባሉ፤ ስሙም ጸና። ስለ ስምምነት የጻፈውን ሌላ ጽሑፍ ግን በጥንታዊት የግሪክ ደሴት ምክር ቤት ታሪክ መስሎ ስላቀረበው አንባቢ ቀልዱን ሳይረዳለት ቀረ፤ በ1990 ለኅትመት የተላከው ጽሑፍ የታተመው በ1998 ነው። በ2001 ምሳሌውን ትቶ በቀላል ቋንቋ ደግሞ ጻፈው።

ቲ ኤል ኤ ፕላስ በሥራ ላይ ምን እንዳደረገ የአማዞን መሐንዲሶች በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ ተገልጿል። ከ2011 ጀምሮ ተጠቅመውበታል። ዳይናሞ ዲቢ በተባለው የመረጃ ማከማቻ ሥርዓታቸው ውስጥ ብዙ ግምገማና ሙከራ ያላገኘው አንድ ስሕተት በፍተሻው ተገኘ፤ ስሕተቱ እንዲታይ ኩነቶች በልዩ ቅደም ተከተል መከተል ነበረባቸው፤ አጭሩ መንገድ 35 እርምጃ ነበረው። ለእኛ ግን ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ነው። እነዚህ ሰዎች ዘዴውን ለባልደረቦቻቸው ሲያስተዋውቁ «ቅርጻዊ»ና «ማረጋገጫ» የሚሉትን ስሞች ሆን ብለው ሸሹ፤ የንድፍ ስሕተት ማረሚያ ብለው አቀረቡት። ሰው ስሙን ፈርቶ ነገሩን እንዳይሸሽ ነው። ነገሩ ያው ሆኖ በአንደኛው ስም የተገፋው በሌላው ስም እልፍኝ ገባ።

ከዚህ በላይ የጠቀስናቸውን ስያሜዎች ለአንባብያን አስተያየት እናቀርባለን፤ ቅርጻዊ ቋንቋ፣ የተሰራጨ ሥርዓት፣ አዋጅ፣ መቆላለፍ፣ ኩነት፣ ሕያውነት፣ አደጋ አልባነት፣ ፍተሻ። ገና ያልተስማማንበት አንድ ቃል ግን አለ። ደጋግሞ የጠየቀ ሂደት ተራው ሳይደርሰው ለዘላለም እንዳይቀር የሚደነገገውን ባሕርይ ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ፍትሐዊነት» ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ፍትሕ ዳኛና ከሳሽ የሚያሳስብ ስለሆነ «ተራ አክባሪነት» ይሁን ይላሉ። ሁለተኛው ወገን የዘነጋው ነገር ግን አለ፤ ሥርዓቱ ተራ አያስጠብቅም፣ አንዱን ሦስት ጊዜ ሌላውን አንድ ጊዜ ሊያስተናግድ ይችላል፤ የሚከለከለው ጨርሶ መርሳት ብቻ ነው። «አለመርሳት» የሚል ሦስተኛ አሳብ ባለፈው ስብሰባችን ቀርቦ ሳይወሰን አድሯል።